ከሲዲው ወደ አካውንቱ የዞረው ቁልፍ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ፣ በቅርቡ ከአሜሪካ ጠቅልሎ የገባ ቤተሰብ አለ። ባለፈው ቅዳሜ አባትየው ቤቴ መጥቶ፣ "ወንድሜ፣ የልጄን ፕሌይስቴሽን ሶኬት ላይ መሰካት ፈራሁ። ደግሞስ የዚያ አገር ጌም እዚህ ይሠራል?" አለኝ። ልጁም ከኋላው ብቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ጌሞቼ ጠፉ ማለት ነው?" አለ።

የሶኬቱ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ማሽኑን ገልብጠን የተጻፈበትን በስልክ መብራት አነበብን፤ 100–240 ይላል። እንዲህ ከሆነ የሶኬቱን ጫፍ ማስማማት ይበቃል። 120 ብቻ የሚል ዕቃ ግን ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል።

የልጁ ጥያቄ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዘመን ቁልፉ ሲዲው ላይ ነበር። የኦሪጅናሉ ሲዲ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ሌዘሩ የሚከተላት መስመር ቀጥ ብላ አትሄድም፤ በዓይን በማይታይ መጠን ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። በዚያ ውዝዋዜ ውስጥ አራት ፊደላት ተሰውረዋል፦ ለአሜሪካ ኤስ ሲ ኢ ኤ፣ ለአውሮፓ ኤስ ሲ ኢ ኢ፣ ለጃፓን ኤስ ሲ ኢ አይ። ማሽኑ የራሱን አገር ፊደል ካላገኘ ጌሙን አይከፍትም። ተራ የሲዲ መቅጃ ውዝዋዜውን መገልበጥ ስለማይችል ያው ቁልፍ ኮፒንም ይከለክል ነበር። ጥገና አዋቂዎች ታዲያ ፊደላቱን በሲዲው ፈንታ ለማሽኑ የምታቀብል ትንሽ ቺፕ በይደው ያስገቡ ጀመር። እንደ መሐንዲስ ሥራ ካየሁት፣ ቁልፉም መክፈቻውም ያስደንቁኛል።

ዛሬ ያ ቁልፍ ከሲዲው ወርዷል ማለት ይቻላል። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ሲዲዎች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች ካርድም አገር አይመርጡም። ከዱባይ የመጣ ሲዲ በአሜሪካ ማሽን ይጫወታል።

ቁልፉ የዞረው ወደ አካውንቱ ነው። ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ማከማቻ የደንበኛውን አገር በሦስት መንገድ ይለያል፦ አካውንት ሲከፈት በተመረጠው አገር፣ የባንክ ካርዱን ያወጣውን ባንክ በሚጠቁሙት የካርዱ የመጀመሪያ አሃዞች፣ እንዲሁም በኢንተርኔት አድራሻው። በፕሌይስቴሽን ዘንድ ወሳኙ የመጀመሪያው ነው፤ አንዴ የተመረጠ አገር አይቀየርም። ኒንቴንዶ ግን መቀየር ይፈቅዳል።

ኢትዮጵያ ደግሞ ከፕሌይስቴሽን የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የዚህ አገር ልጅ በሌላ አገር ስም ካልከፈተ በቀር አካውንት አይኖረውም። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ አዘዘ፤ ጌሙም አገልግሎቱ ከሌለባቸው ከ170 በላይ አገራትና ግዛቶች ሽያጭ ወረደ። የተጫዋቾች ቁጣ ስለበረታ ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ገንዘቡን ከፍሎ በገዛ ሰው ላይ በሚኖርበት አገር ምክንያት በር መዝጋት፣ በእኔ እምነት፣ ግፍ ነው።

ለልጁ የነገርኩት ይህ ነው፦ ጌሞችህ አልጠፉም፤ አሜሪካ በተከፈተው አካውንትህ ላይ ናቸው። እሱን ትተህ አዲስ ብትከፍት ግን የገዛኸው ሁሉ አሮጌው ላይ ይቀራል። የምትገዛው ጊፍት ካርድ የአሜሪካ ይሁን፤ የሌላ አገር ካርድ አይሞላም። ሲዲ ስትገዛም ጠንቀቅ በል። የአውሮፓ ሲዲ ማሽንህ ላይ ይጫወታል፤ ከአሜሪካው ማከማቻ የምትገዛለት ተጨማሪ ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምለትም። የአንድ ጌም የአሜሪካና የአውሮፓ እትሞች መለያ ቁጥራቸው የተለያየ ነውና፤ ቁጥሩ በሲዲው ማቀፊያ ጠርዝ ላይ ታትሟል።

ልንለያይ ስንል አባትየው ወደ አካውንቱ ሲገባ የይለፍ ኮድ የሚላክበት ስልክ አሜሪካ የነበረው ቁጥሩ መሆኑን አስታወሰ፤ ቁጥሩም በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ወዲያው ቁጭ ብለን ኮዱን ስልኩ ላይ የሚጫን አፕ እንዲያመነጭ አደረግን። ሻንጣ እያሰራችሁ ያላችሁ ወገኖች፣ ያንን ቁጥር ከመዝጋታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።