ዋጋውን የሚቆርጠው ዴኩ እንጂ ዲስኩ አይደለም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ማክሰኝት፣ በ1980ዎቹ ሠርጉን በቪዲዮ ያስቀረጸ ነጋዴ ዛሬ ካሴቱን ከሣጥን ቢያወጣ ማያ መሣሪያ ማጣቱ አይቀርም። ልጆቹ “ወደ ፍላሽ ይገልበጥልን” ካሉት ወይ ጎንደር ይወጣል፣ ወይ ባሕር ዳር ይወርዳል። እዚያ ደርሶ ዋጋውን ሲሰማም “ለአንድ ዲስክ ይህ ሁሉ?” ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ሒሳቡ ግን በዲስክ አይሠራም። ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ የሚገለበጥ ሙዚቃ ደቂቃ አይፈጅም፤ የቪዲዮ ካሴት ግን እየተጫወተ ካልሆነ አይገለበጥም። ኢ-180 የሚል የተጻፈበት ካሴት 3 ሰዓት ይይዛል፤ ለመገልበጥም 3 ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ዴክ ብቻ ያለው ስቱዲዮ በ8 ሰዓት ውሎ ከ2 ሙሉ ካሴት በላይ አያወጣም ማለት ነው። ካሴት ማጠንጠኑና ሄድ መጥረጉ ቀሪውን ጊዜ ይበሉታል። ደንበኛው የሚከፍለው በዋናነት የዴኩን ሰዓት ነው።

ዴኩ ደግሞ አይተካም። ቪኤችኤስ የተባለውን የካሴት ዓይነት የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ አቀረበ፤ የዴክ ምርትን እስከ መጨረሻ የቀጠለው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ገበያው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ሄዱ ያለቀበት ዴክ መለዋወጫ የሚያገኘው ከሌላ የሞተ ዴክ ነው። በዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው የእርጅና ተቀናሹን እንደ አሮጌ ታክሲ ሞተር ማስላት ይኖርበታል፤ ሁለተኛ ዴክ ሳይዝ ቀጠሮ መቀበሉ አደጋ አለው።

ከውጭ የሚላክ ካሴት ሌላ ጣጣ ያመጣል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተመሠረተው በፓል ሥርዓት ሲሆን፣ ይህ ምስሉን በ625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ያቀርባል። አሜሪካ የተቀረጸ ካሴት ግን 525 መስመርና ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ያለው ኤንቲኤስሲ ነው። ፓል ብቻ የሚያነብ ዴክ ላይ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል ወይም ምስሉ ይንሸራተታል። ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ ከመመለስ በፊት ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ መሞከር ይገባል። ዘመዱ ዋሽንግተን ያለ ደንበኛ በበዛበት አካባቢ ሁለቱንም የሚያነበው ዴክ ቶሎ ዋጋውን ይመልሳል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ስህተቱም እንዲሁ። ቢጫው ጃክ ምስሉን፣ ነጩና ቀዩ ድምፁን ይይዛሉ። ገመዱ ከዴኩ “አውት” ተነስቶ ወደ መቅጃው “ኢን” መግባት አለበት። ቢጫ መሰኪያ የሌለው አዲስ ቴሌቪዥን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ይፈልጋል። ሆም ቲያትር ያለው ነጩንና ቀዩን ወደ አምፕሊፋየሩ ይወስዳል፤ በአንድ ማይክ የተቀዳ የሠርግ ዘፈን ግን በአምስት ስፒከር ስለወጣ አምስት ድምፅ አይሆንም።

ስለ ዲስኩም አንድ ነገር፦ 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው ዲቪዲ በጥሩ ጥራት 2 ሰዓት ገደማ ነው የሚያስገባው። የ3 ሰዓት ሠርግ በአንድ ዲስክ ሲታጨቅ የሙሽራዋ ፊት እንደ ሞዛይክ ይሆናል። ሁለት ዲስክ ወይም ፍላሽ ማስቀረጽ ይሻላል፤ ለደንበኛው ሁለት ቅጂ መስጠትም ያዋጣል።

የራስን ሠርግ ማስገልበጥ የሚያስጠይቅ አይደለም። የተሸጠ ፊልምን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው።

ሻጋታ የያዘ ካሴት ሳይጸዳ ዴክ ውስጥ ከገባ፣ ሻጋታው ከሄዱ ላይ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ካሴት ይሸጋገራል። በዊንዶው በኩል ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየበት ለብቻው መቀመጥ አለበት።