ከበረት እስከ ጉድጓድ፤ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች

በሬ ይታመማል። ባለቤቱ ከገበያ አንድ ጠርሙስ “ኦክሲ” ገዝቶ፣ መርፌ ከጎረቤት ተውሶ 10 ሚሊ ሊትር ይወጋዋል። በማግስቱ በሬው ሣር መንካት ሲጀምር የተረፈው መድኃኒት ለሌላ ቀን ተብሎ ይቀመጣል። በገጠር ቀበሌ ለኖረ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

በተለምዶ ኦክሲቴትራሳይክሊን በመርፌ ሲሰጥ ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይሰላል። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ 25 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ እሱም በአንድ ቦታ ሳይሆን ተከፋፍሎ ይወጋል። 10 ሚሊ ሊትር ያገኘው በሬ የሚገባውን ግማሽ እንኳ አላገኘም። እንዲህ ሲሆን ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የመቋቋም አቅም ያላቸው ይተርፋሉ፤ በሞቱት ቦታም እነሱ ይባዛሉ። ባለሙያዎች “ጀርሞች መድኃኒት ተላመዱ” የሚሉት ይህንን ነው። የሚላመደው በሬው ሳይሆን ባክቴሪያው መሆኑን ብዙ ሰው አይለየውም።

ነገሩ በረት ውስጥ ቢቀር ጉዳቱ በከብቶቹ ብቻ በተወሰነ ነበር። ሆኖም መድኃኒቱ በእንስሳው ሰውነት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከፊሉ ኃይሉን እንደያዘ በሽንትና በአዛባ ይወጣል። መድኃኒት የተላመዱት ባክቴሪያዎችም አብረው ይወጣሉ። አዛባው ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ጠርጎ ያወርደዋል። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ካልተሠራ፣ ዙሪያው ካልታጠረ፣ ክዳንም ከሌለው ጎርፉ በቀጥታ ይገባል። ጎርፍ ባይኖርም መሬት ላይ ሲጎተት የዋለው ገመድና ባልዲ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከሌላው አቅጣጫ ደግሞ የመጸዳጃ ቤቱ አለ። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት መደብር የተገኘ አሞክሲሲሊን ጀምሮ፣ ሲሻለው ያቋረጠ ሰው ከአንጀቱ የሚያወጣቸው ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ ከበረቱ ጋር ይገናኛሉ። ባክቴሪያዎች መድኃኒት የመቋቋም ችሎታቸውን ለልጆቻቸው ብቻ አያወርሱም። ፕላዝሚድ በምትባል ቀለበት መሰል ቅንጣት አማካይነት አጠገባቸው ላለ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያም ያስተላልፋሉ።

የዚህ ውኃ ክፋቱ የጠጣ ሁሉ ወዲያው አለመታመሙ ነው። ተቅማጥ ቢመጣ ሰው ይጠነቀቅ ነበር። ባክቴሪያው ግን አንጀት ውስጥ ያለ ምልክት ወራት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ እናቲቱ በወሊድ ጊዜ ወይም ጨቅላው በተወለደ በቀናት ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገጥማቸው፣ በጤና ጣቢያው የሚገኘው መድኃኒት አልሠራ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች የሞቱት መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት መሆኑ ተገምቷል።

ውኃ የዚህ መንገድ አካል መሆኑ የታየበት አንድ ምሳሌ ኒው ዴልሂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ጠንካራ የሚባሉትን መድኃኒቶች ሳይቀር የሚያከሽፈው ዘረ መል በከተማዋ ጎዳናዎች ከተጠራቀመ ውኃ ከተወሰዱ 171 ናሙናዎች በ51ዱ፣ ከ50 የቧንቧ ውኃ ናሙናዎችም በ2ቱ ተገኝቷል። ሕንድ ሩቅ ናት፤ በረትን፣ መጸዳጃንና ጉድጓድን በአንድ ግቢ ማቀራረብ ግን የእኛም ልማድ ነው።

ለወረዳ ባለሙያዎች አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። የተለመደው የመስክ መመርመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ መኖር አለመኖሩን እንጂ ባክቴሪያው መድኃኒት መላመዱን አይናገርም፤ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ውሳኔ ለመስጠት ግን ያን መጠበቅ አያሻም። ለመጠጥ በሚውል ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ከነጭራሹ መገኘት የለበትም፤ ከተገኘ የሰገራ ወይም የአዛባ መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው።

ደግነቱ አንቲባዮቲክን የተላመደ ባክቴሪያ እሳትን አልተላመደም። ውኃው ተንተክትኮ ከፈላ ይሞታል፤ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች 3 ደቂቃ ማፍላት ይመከራል። ክሎሪንም በተገቢው መጠንና ጊዜ ይገድለዋል። ውኃው ከደፈረሰ ግን ክሎሪኑን ጭቃው ስለሚበላው መጀመሪያ ማጥለል ያስፈልጋል። ጉድጓዱን በክሎሪን ማከም ብቻውን አያዛልቅም፤ ከላይ ያለው አዛባ ካልተነሳ ቀጣዩ ዝናብ መልሶ ይበክለዋል። መጸዳጃው ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ በተዳፋቱም ከታች በኩል መሆን አለበት። አዛባው ደግሞ በደንብ በሚግል ኮምፖስት ውስጥ ቢብላላ ለማሳውም ለውኃውም ይሻላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ያዘጋጀችው የመድኃኒት መላመድ መከላከያ ስትራቴጂክ ዕቅድ የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤናን አንድ ላይ ያያል። ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን የበሬው ጉዳይ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የጉድጓዱ ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ የሕፃኑ ጤና ጽሕፈት ቤት ይቀራል። የጉድጓዱን የምርመራ ውጤት የውኃ ኮሚቴው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለእንስሳት ጤና ባለሙያው በአንድ ቀን ቢያሳውቅ በጀት አይጠይቅም። አርሶ አደሩ ቤት የቀረው የ“ኦክሲ” ጠርሙስም ቢሆን ወደ ጉድጓድ ዳር ወይም ወደ ወንዝ ከሚጣል ለቀበሌው እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይመለስ።