መንዝ፦ ነገሥታቱ ወርደው ሳሩ የቀረባት አገር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ዋናው የተራራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው ወደ ግራ ታጥፎ ደጋውን እንደያዘ ወደ መዘዞ፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ ያቀናል። ብዙው ተጓዥ ደሴን ብሎ ስለሚወርድ መንዝን የሚያውቃት በስሟ፣ በበጓና በብርዷ ብቻ ነው።

አምባዋን ወንዞች ከሦስት ወገን ቆርጠዋታል። በደቡብ ሞፈር፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ አሉ፤ ገደላቸው ጥልቅ ነው፣ ውኃቸውም በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። በምሥራቅ ያለው ወንዝ ሳይሆን ረጅም የተራራ ሰንሰለት ነው። ከዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ ይመለከታል። ከሸንተረሩ በዚህ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ሱዳንና ግብፅ ሲሄድ፣ በዚያ በኩል የወረደው አዋሽ ገብቶ በረሃ ውስጥ ይቀራል።

የመንዝ ሰው አገሩን ሲቆጥር ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ይላል። ሦስቱ ስሞች የአቅኚ አባቶች ናቸው። ከግራኝ አሕመድ ጦርነትና ከዚያ በኋላ ከመጣው የሕዝብ እንቅስቃሴ ወዲህ አምባውን እንደገና አቅንተው ያሰፈሩት እነርሱ ናቸው ይባላል። መንግሥታት ወረዳውን ሲከፍሉና ሲያጥፉ ኖረዋል። ሦስቱ ስሞች ግን እስከ ዛሬ በወረዳዎቹ ማኅተም ላይ አሉ።

የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነስቶ አካባቢውን በእጁ አደረገ። ጎንደር ሄዶ በፈንጣጣ እንደሞተም ይነገራል። ልጁ ሰብስቴ፣ ቀጥሎም አቢዬ ተከተሉ፤ መናገሻው ግን በየትውልዱ ወደ ደቡብ እየወረደ ሄደ። አቢዬ ሐራምባ፣ አምኃ ኢየሱስ አንኮበር፣ ሣህለ ሥላሴ አንጎለላ፣ ምኒልክ እንጦጦ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ። የንግድ መንገዱም፣ ለም መሬቱም፣ ግብሩም ያለው ወደ ታች ስለነበር ምክንያቱ አይጠፋም። መንዝ የነገሥታት እናት ሆነች እንጂ የነገሥታት ከተማ አልሆነችም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንኳ አገሩን ጠንክረው የያዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ነበሩ። መቀመጫቸው ሰላ ድንጋይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1842 በዚያ ያለፈውን ጀርመናዊውን ሚሲዮናዊ ክራፕፍን አስተናግደውት ነበር፤ እርሱም በማስታወሻው ስለ እርሳቸው ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን (ወዳጆቹ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ የሚሉት) መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ ውስጥ አስገባ። ስለ አማራ ገበሬ በውጭ አገር የተጻፈው ብዙው ነገር፣ ሳይታወቅም ቢሆን፣ የመንዝ ገበሬ ነገር ነው። ለሰሜን ሸዋ አንድ አምባ ይህ ትልቅ ሸክም ይመስለኛል።

ጦር ከዚህ አገር ርቆ አያውቅም። በጣልያን ወረራ ዘመን የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ገደሉን መጠጊያ አድርገው ነበር። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በተሾመ ሻንቁጥ የሚመሩ አርበኞች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር ዘረት በሚባለው ዋሻ ገብተው ሳሉ የጣልያን ጦር የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። የወጡትንም በጥይት ፈጀ፤ የሞቱት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ድርጊቱን በውጭው ዓለም እንዲታወቅ ያደረገው በ1990ዎቹ መጨረሻ ማስረጃውን ከሰነድ አውጥቶ ዋሻው ድረስ የሄደው ጣልያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ነው። የአገሩ ሰውማ መቼም አልረሳውም። በኅዳር 2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት መዘዞና ሞላሌ ደረሰ።

ኑሮው ገብስና በግ ነው። ውርጩ ባቄላውን አንዳንድ ዓመት በአንድ ሌሊት ይመታዋል፤ በልግ ከቀረ የዓመቱ ግማሽ ቀረ ማለት ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ሆኖ ጠንካራ ነው። ሥጋው ይሸጣል፤ ጸጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፣ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ጥቁሩ በርኖስ ከአገሩ አልፎ በባላባት ትከሻ ላይ ይታይ የነበረ ልብስ ነው።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን ጓሳን ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ ደጋ ስሙን ያገኘው ከሳሩ ነው። ሳሩ ጎጆ ይከድናል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለክረምት እረኛ ገሳ ይሆናል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚዎች ዘሮች ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ጠብቀውት ኖሩ። ከየወገኑ አለቃ ይመረጥ ነበር፤ አለቃው ሳሩ እስኪያገግም ድረስ ጓሳውን ይዘጋ ነበር። ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይደርስ ነበር። በዚያ መሐል ማጭድ ይዞ የተገኘ ይቀጣ ነበር። የሚከፈተው በበጋው ጭንቅ ወቅት ሲሆን ሁሉም በአንድ ቀን ይገባ ነበር፤ ቀድሞ ገብቶ መልካሙን የሚያጭድ እንዳይኖር ነው።

ሳሩ በመቆየቱ አውሬውም ቆየ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አሉ። ጓሳ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጡ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር መዝግበዋል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል በዝግታ እየተራመደ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራው የሚሳካለት አንዱ ያህል ሲሆን፣ በመንጋው መሐል ግን ከሦስቱ ሁለቱ ነው። ጭላዳው ሳር ሲነቅል አይጡን ከጉድጓዱ ሳያስወጣው አይቀርም።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ወደቀ፤ መብቱ በአባት ቆጠራ ላይ የቆመ ነበርና። ጓሳው ወደ ገበሬ ማኅበራት ዞረ፣ ብዙ ቦታውም ተጎዳ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ጥበቃውን በእድር መልክ እንደገና አቋቋመ። በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል ጓሳን በደንብ የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ አድርጎ አጸናው።

ስለ ቄሮ ሲነገር አዘውትሮ የሚዘለል ነገር አለ። ሥርዓቱ ለአቅኚ ዘር ነበር። ማረሻውን የሚቀጠቅጡት፣ ምጣዱን የሚሠሩት ጠይቦች መሬት የለሽ ነበሩ፤ ስለዚህም ከጓሳ የሚደርሳቸው ድርሻ አልነበረም። በእድሩ ግን መብት የሚሰጠው ነዋሪነት ነው። የተጠቃሚው ቁጥር በዚያው ልክ በዛ፤ በዚያ ላይ ከአዋጁ በኋላ ተወልዶ መሬት ያልደረሰው ጎልማሳ የገብስ ማሳውን ወደ ሳሩ ጠርዝ ይገፋል። አባቱ በርስት የያዘውን እርሱ ከማን ይጠይቅ? ለአቅኚ ልጆች ብቻ ተከልሎ የነበረውን ጓሳ አሁን ሁሉም የእኔ ነው ይለዋል፤ የሚያጭደው ሳር ግን አልጨመረም።