የልጆች ክትባትና የትምህርት መክፈቻ የጤና ዝግጅት በወልቂጤና በቡታጅራ

የሕፃናት ክትባት የተዳከመ ወይም የሞተ ተህዋሲ፣ አንዳንዴም የተህዋሲውን ቁራጭ ብቻ ለልጅ ሰውነት በመስጠት፣ ሰውነቱ በሽታውን ሳይታመም እንዲያውቀውና መከላከያውን አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ የሚያደርግ አገልግሎት ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ልጆች በአንድ ክፍል ተቀራርበው የሚውሉበት መስከረም ከመድረሱ በፊት፣ የክረምቱ ወራት ያመለጠውን ክትባት ለማሟላት የሚመቹ ናቸው።

በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጊዜው የሚከላከለው ስድስት በሽታዎችን ነበር፦ ሳንባ ነቀርሳን፣ የልጅነት ልምሻን፣ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ኩፍኝን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያ አልፎ በየቀበሌው ጤና ኬላ ደርሷል። ቡታጅራ በሕፃናት ጤና ጥናት ታሪክም የራሷ ስፍራ አላት። በ1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም፣ በከተማዋና በዙሪያዋ የሚወለዱትንና የሚሞቱትን ቤት ለቤት እየተከታተለ መዝግቧል። ሳንባ ምችና ተቅማጥ የሕፃናት ዋነኛ ገዳዮች መሆናቸው በአካባቢው መረጃ ታይቷል። ሳንባ ምችን የሚከላከለው የፒሲቪ ክትባት በ2004፣ ከባድ ተቅማጥን የሚከላከለው የሮታ ክትባት ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ወደ መደበኛው ፕሮግራም ገብተዋል።

ክትባቱ የሚጀምረው ሕፃናት በተወለዱበት ዕለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂ በክንድ ላይ ይወጋል፤ የልጅነት ልምሻ ጠብታ በአፍ ይሰጣል። በ45 ቀን፣ በሁለት ወር ተኩልና በሦስት ወር ተኩል ፔንታ፣ ፒሲቪና የልምሻ ጠብታ ይቀጥላሉ፤ ሮታም በእነዚህ ወራት ውስጥ በአፍ ይሰጣል። ፔንታ በአንድ መርፌ አምስት በሽታዎችን ይከላከላል፦ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣውን ማጅራት ገትርና ሳንባ ምች። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ የ15 ወሩ ክትባት ነው። በ9 ወር የተከተቡ ሕፃናት ሁሉ በቂ መከላከያ አያዳብሩም፤ ከመቶው ወደ 15 የሚሆኑት ሳይጠበቁ ይቀራሉ። ኩፍኝ ደግሞ መከላከያ በሌለበት ሕዝብ ውስጥ ከአንድ ሕመምተኛ ወደ 12 እስከ 18 ሰዎች ሊተላለፍ ይችላል። እንዳይዛመት ለማድረግ ከመቶ ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መውሰድ አለባቸው። ስለዚህ ሁለተኛውን ያልወሰደ ልጅ ለራሱም ለጎረቤቱም ስጋት ነው።

ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ኤችፒቪ ይወስዳሉ። ይህ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ወደ አንድ መርፌ ተቀይሮ የዕድሜ ክልሉ ሰፍቷል። በትምህርት ቤት ስለሚሰጥ፣ ወላጅ ዓላማውን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

በመደበኛው መርሐ ግብር የማይሰጡ ክትባቶችም ወረርሽኝ ሲነሳ በዘመቻ ይሰጣሉ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በጉራጌ ዞን እኖርና ኤነር ወረዳ ቢጫ ወባ ሲገኝ የአካባቢው ሕዝብ እንዲከተብ ተደርጓል። በዘመቻ የተሰጠ ክትባት መደበኛውን አይተካም።

ክትባት ኃይሉን የሚጠብቀው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ነው። ፔንታና ፒሲቪ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ፤ የተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጣላል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጤና ተቋማት የተወሰነ የክትባት ቀን ስለሚያወጡ፣ ቀኑን ጠይቆ መሄድ ይበጃል። ከክትባት በኋላ ቀላል ትኩሳትና የተወጋበት ቦታ እብጠት የተለመደ ሲሆን በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ቀላል ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ክትባት ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። ያመለጠው ልጅም ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልገውም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

የክትባት ካርድ አያያዝ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ባለው የጉራጌ ቤተሰብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ብዙ ቤተሰብ በንግድ ምክንያት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እየተዘዋወረ ስለሚኖር፣ ልጅ አንዱን ክትባት በአንድ ከተማ፣ ሌላውን በሌላ ሊወስድ ይችላል። ካርዱ ከልጁ ጋር መጓዝ አለበት፤ ከጠፋም በተከተበበት ጤና ተቋም መዝገብ ላይ ይፈለጋል።

ከክትባት ሌላ ተማሪዎች የሚያስፈልጓቸው ጥንቃቄዎችም አሉ። የመስከረም መግቢያ የወባ ወቅት መጀመሪያ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ፣ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ በሚወርዱት ቆላማ ስፍራዎች ስርጭቱ ይበረታል። ተማሪ በአጎበር ሥር ማደር፣ ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ለመስቀል በዓል ከየከተማው ሰው በሚሰበሰብባቸው ቀናት ደግሞ የእጅ፣ የመጠጥ ውኃና የሥጋ ንጽሕና የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጥሬ ክትፎ የኮሶ ትልን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለልጅ ማብሰል ይመረጣል። ፊትን በየቀኑ መታጠብ ትራኮማን ይቀንሳል፤ በትምህርት ቤት የሚታደለውን የትል መድኃኒት መውሰድም ልጁን ከደም ማነስና ከመዳከም ይጠብቃል።

ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር የታየበት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ኩፍኝ ከሆነ ሽፍታው ከወጣ በኋላ አራት ቀን እስኪያልፍ ከሌሎች ልጆች ተለይቶ ይቆያል። መምህሩም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወዲያው ማሳወቅ ይኖርበታል፤ በጊዜ የተነገረ አንድ ሕመምተኛ ብዙ ልጆች ከመያዛቸው በፊት ክትባት እንዲደርሳቸው ያደርጋል።