የካላክላው ፉል ቤት እስከ መጨረሻው እንደ ስሙ ነበር?

ካርቱም ኖሮ የመጣ ሰው ሲያገኘኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳልኝ ነገር አለ። «ያ ላፋ ያለው ፉል ቤት መጨረሻ ላይ እንደ ስሙ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚወራለት?» ይለኛል። ምግብ አብሳይ መሆኔን፣ ከዚያ ቤት ፊት ለፊት በነበረ የሐበሻ ምግብ ቤት ለዓመታት መሥራቴን ስለሚያውቅ አጭር መልስ ይጠብቃል። እኔ ግን አጭር መልስ የለኝም። አንድ ቤት ከስሙ ወረደ ለማለት መጀመሪያ ያ ስም በማን እጅና በምን እንደተሠራ ማየት ይገባል፤ ይህን ደግሞ ከወንበሩ ይልቅ ከምድጃው በኩል የቆመ ሰው ነው በደንብ የሚያየው።

ካላክላን ለማያውቅ፦ ከካርቱም መሀል ወደ ደቡብ፣ ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ፣ በነጭ አባይ ምሥራቅ በኩል የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው። ላፋ የሚሉት ገበያውና የመኪና መናኸሪያው ያለበትን ነው። ጠዋት ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ፣ የሪክሻ ሹፌሩ ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበር። ሱዳኖች ማልደው ሻይ በወተት ይጠጡና ዋናውን ምግብ፣ ፈጡር የሚሉትን፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይበላሉ። ፈጡር ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ፉል ማለት ነው። አራት አምስት ሆነው በአንድ ሳህን ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አላፊውንም «ተፈደል» ብለው ይጠራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ስም ያወጣ ቤት በማስታወቂያ አላወጣውም።

ያወጣለት የሌሊቱ ሰው ነበር። ከዶንጎላ በኩል የመጡ አዛውንት ናቸው፤ እኛ ሐበሾቹ «ዐሚ»፣ አጎቴ፣ እንላቸው ነበር። ባቄላቸውን በእጃቸው ይለቅማሉ። እዚያው በአገራቸው፣ ዶንጎላ አጠገብ ያለው የሰሊም ሜዳ ባቄላ በሱዳን ሁሉ ስመ ጥር ነው፤ ሲገኝ እሱን፣ ሳይገኝ ከእኛ አገር የሚገባውን ይገዛሉ። የኢትዮጵያ ባቄላ ዋነኛ ገበያው ሱዳን እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኔም ካርቱም ሆኜ የበላሁት ፉል ስንቱ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ እንደወረደ እንጃ። አመሻሽ ላይ ባቄላው ጊድራ ውስጥ ይገባል። ጊድራ ሆዱ ሰፊ አፉ ጠባብ የሆነ ድስት ነው፤ ጠባብነቱ ለጌጥ አይደለም፣ እንፋሎቱ ቶሎ እንዳይወጣና ውሃው ሌሊቱን እንዳያልቅ ነው። ዐሚ እሳቱን አንዴ ካነደዱ በኋላ ይቀንሱትና እስኪነጋ ድረስ ከምንም በላይ የሚጠብቁት እንዳይፈላ ነው። የፈላ ባቄላ ይሰነጠቃል፣ ውሃው ይደፈርሳል። ቀስ ብሎ ያደረ ግን ቅርጹን እንደያዘ ይቀመጥና ምላስ ሲነካው ይፈርሳል፤ ቅርፊቱም አይታኘክም።

ጠዋት ፉሉ ሳህን ላይ ሲወጣ ማንኪያ አይነካውም። የለስላሳ ጠርሙስ ታች በኩል ነው የሚደፈጠጠው። ዐሚ ከጠርሙሱ ጋር ትከሻቸውን ያዞራሉ፤ ግማሹን ያደቅቁና ግማሹን ፍሬውን ይተዋሉ። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት፣ ከሙን፣ ሽንኩርት፣ ነጭ አይብ፣ ጅርጅር የሚሉት ቅጠል ይከተላል። የዘይቱ ሽታ ከመንገዱ ማዶ እኛ ኩሽና ድረስ ይመጣ ነበር። የሁመራን ሰሊጥ የሚያውቅ ሰው የገዳሪፉን ሰሊጥ ዘይት ሽታ ስነግረው ይገባዋል።

የዐሚ እግር እምቢ አለና ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን በግልጽ ልናገር። አዲሱ የሌሊት ሠራተኛ ልጅ እግር ነበር፤ ቀንም እዚያው ያስተናግዳል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ እሳት መጠበቅ አይችልም ነበር፤ የሚችልበት ክፍያም አልተሰጠውም። ስለዚህ ሶዳ ገባ። ሶዳ የባቄላን ቅርፊት በአጭር ጊዜ ያላላል፤ ስምንት ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ በግማሽ ያሳጥራል፤ ከሰልም ያተርፋል። የሚወስደው ግን ጣዕሙን ነው። ፉሉ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቅርፊቱ ከፍሬው ተላቆ ለብቻው ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከልክ በላይ ይጠቁራል። እኔ ይህን ለማወቅ መቅመስ አያስፈልገኝም ነበር፤ ሳህኑ ሲያልፍ ዓይኔ ያየዋል። ደንበኛው ግን «ዛሬ ምን ነካው?» ብሎ ሎሚ ይጨምርበታል፤ ነገም ይመጣል። ስም ከጣዕም በኋላ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ባለቤቶችን የሚያታልላቸውም ይኸው ነው።

ይህን ስል ባለቤቱን ብቻ እየከሰስኩ አይደለም። የካርቱምን ምግብ ቤት በአዲስ አበባ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ስትገነጠል ካርቱም አብዛኛውን የነዳጅ ገቢዋን አጣች፤ ኑሮው ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልረጋም። በ2010 ዓ.ም. አጋማሽ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከግማሽ ፓውንድ ወደ አንድ ወጣ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ወደ ሦስት ፓውንድ ሲዘል አትባራ ላይ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፕሬዚዳንቱ አል በሽር ከሥልጣን ወረዱ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. መንግሥት ገንዘቡን ለገበያ ሲለቀው የአንድ ዶላር ኦፊሴላዊ ምንዛሪ ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ሄደ። ፉል ቤት በዚህ ሁሉ ውስጥ የድሃ ቤት ነው። የሳህኑን ዋጋ በየሳምንቱ ቢሰቅል ሰፈሩ ይሸሸዋል። ስለዚህ ዋጋውን ሳይነካ ሳህኑን ይነካዋል፦ የሰሊጡን ዘይት በርካሽ ዘይት ያቀጥነዋል፣ አይቡን ያሳንሳል፣ ሌሊቱን ያሳጥራል። ዳቦውም ዳቦ ቤት ሳለ አንሶ ነው የሚመጣው። እኛም ማዶ ሆነን በጤፍና በበርበሬ ያው መከራ ነበረብን።

አንድ ነገር ግን ዋጋው ሁሉ ሲነካካ እንደ ድሮው ሆኖ ቆይቷል፤ እሱን ካላነሳሁ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። ያ ቤት ማታ ማታ ሸዕሪያ ይሠራ ነበር። ሸዕሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፓስታ ነው። እኛ ፓስታ ሲባል ስጎ ስለምንጠብቅ አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ይደነግጣል፤ ሱዳኖች በስኳር ነው የሚበሉት። ደረቁን ሰባብረው በዘይት ወይም በቅቤ ይቆሉታል። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወርቃማ ሆኖ ሳለ ካልወጣለት በአንድ አፍታ ይጠቁርና ይመራል። ከዚያ በልክ ውሃ፣ ከዚያ ስኳር፣ ከዚያ ክዳን። ውሃው ሲያልቅ አንዱ ዘንግ ከሌላው ሳይጣበቅ ለየብቻው መቆም አለበት። በዚያ ቤት ይህን የምትሠራው አንዲት ሴት ነበረች። ማንም ከእጇ መጥበሻውን ወስዶ አያውቅም፣ ሥራው በደንበኛ ፊት ስለሚሠራም አቋራጭ የለውም። የቤቱ ፉል ከወረደ በኋላ ሸዕሪያው አልወረደም። ያው ባለቤት፣ ያው የኑሮ ውድነት፤ ልዩነቱ ምድጃው ላይ ያለው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህም የማየው ይህንኑ ነው። በፓስታቸው ስም ያላቸው ቤቶች አሉን። የፒያሳው ካስቴሊ በአንድ ጣሊያናዊ ተከፍቶ፣ በቤተሰብ እጅ ቆይቶ፣ ስሙ ባሕር ማዶ ድረስ የተሰማ ነው። እሱን የሰሙ ብዙዎች ከፍተው ስም አወጡ፤ ዛሬ ግን ከእነዚህ ጥቂት በማይባሉት ውስጥ ፓስታው ጠዋት ይቀቀልና ዘይት ተቀብቶ በፕላስቲክ ዕቃ ያድራል፤ ሲታዘዝ በፈላ ውሃ ይነከራል። በላተኛው «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላል፤ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ከኩሽናው አይደለም። ለፓስታ የሚሆነው ጠንካራው የዱረም ስንዴ ነው፤ ባሌና አርሲ ድሮም ያበቅሉታል። ፋብሪካው እሱ ሲያጥረው ለስላሳውን የዳቦ ስንዴ ከቀላቀለ ምንም ዓይነት አብሳይ ያን ፓስታ ከመላሸቅ አያድነውም። ስለዚህ ስም ያለው ቤት ገብቶ የከፋው ሰው አብሳዩን ከመርገሙ በፊት ይህንንም ያስብ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተነሳ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሳይሰናበት ተበተነ፤ እኛም በገዳሪፍ አድርገን በመተማ ገባን። ደቡብ ካርቱም ለረጅም ጊዜ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ቆየ፤ ጦሩ ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ መሀል ሰፈሩን ያበሉት ምግብ ቤቶች አልነበሩም፤ የድንገተኛ ጊዜ ክፍል በሚል የተደራጁት የየሰፈሩ ወጣቶችና ሴቶች ናቸው። ተኪያ በሚሉት የጋራ ኩሽና ፉልና ምስር በትልልቅ ድስት እየቀቀሉ ለሰልፈኛው በነፃ ሰጡ። ሥራቸው በ2025 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ለዚያ ፉል ጣዕም እንከን የሚያወጣ ሰው አልነበረም፤ ሰው ከሞት የሚተርፍበት ምግብ በሌላ ሚዛን ነው የሚመዘነው።

ለሚጠይቁኝ ሁሉ ፍርዴ ይኸው ነው። የላፋው ፉል ቤት በመጨረሻዎቹ ዓመታት በፉሉ ከስሙ በታች ነበር፤ በሸዕሪያው ግን እስከተዘጋበት ቀን ድረስ ስሙን ጠብቋል። ቤቱ እንደገና ቢከፈትና ሰው ቢጠይቀኝ ጠረጴዛውን ሳይሆን ሌሊት ማን እንደሚያድር እጠይቃለሁ። ከካርቱም ተመልሳችሁ አዲስ አበባና ጎንደር ላይ ፉል ቤት የከፈታችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በሩ ላይ «ካላክላ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የሌሊት አብሳያችሁን ደመወዝ ጨምሩለት፤ ቀን ሌላ ሥራ አታሸክሙት፤ ሶዳውን ከኩሽናችሁ አውጡ።