ምሰሶው ወደ ሰው ሲሄድ
ጊዜያዊ የአንቴና ማማዎች በበዓል፣ በአዲስ ሰፈርና በአደጋ ጊዜ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ የፉሪ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 2,839 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። አናቱ ላይ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማሰራጫ ምሰሶዎች ቆመዋል። በስተሰሜን ሱሉልታ ላይ ደግሞ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አገሪቱን በሳተላይት ከውጭው ዓለም ያገናኘው የመሬት ጣቢያ ተሠርቷል። ዛሬ ፉሪና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ከመዲናዋ ዳር ያሉት እነዚህ ቦታዎች የአገሪቱን ድምፅና ምስል ለአሥርተ ዓመታት ሲያስተላልፉ ኖረዋል።

የሬዲዮ ሞገድ ጋራ ሲጋርደው ይዳከማል፤ ከፍ ካለ ቦታ ሲለቀቅ ግን ሩቅ ይደርሳል። ስለዚህ ፉሪን የመሰለ ተራራ ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ ሰው ሁሉ በፉሪ ግርጌ አለመኖሩ ነው። ናዳ የሚወርደው፣ መሬት የሚንቀጠቀጠው፣ ሕዝብ በአንድ ሜዳ የሚሰበሰበው ሌላ ቦታ ነው። እንዲህ ሲሆን ከፍታው ራሱ በመኪና ተጭኖ መሄድ አለበት።

አሠራሩ

ይህን ከፍታ ይዞ የሚሄደው ተዘርጊ ምሰሶ እንደ ድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ አንቴና አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየገባ የሚታጠፍ ነው። በተጎታች ወይም በፒካፕ ተጭኖ ይጓዛል፤ ቦታው ሲደርስ በእጅ ማንሻ፣ በአየር ግፊት ወይም በሞተር ወደ ላይ ይወጣል። ከ10 እስከ 30 ሜትር የሚደርሱት በብዛት ይሠራባቸዋል። ቋሚ ታወር የመሠረት ቁፋሮና ኮንክሪት ስለሚፈልግ ሳምንታት ይወስዳል። ይህኛውን ግን የሠለጠኑ ጥቂት ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ያቆሙታል።

ከፍታው የሚሰጠው ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። በጠፍጣፋ ሜዳ 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና የሬዲዮ አድማሱ፣ ማለትም ሞገዱ በቀጥታ የሚደርስበት ርቀት፣ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ40 ሜትር ላይ ሲሰቀል 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ቁመቱ አራት እጥፍ መጨመር አለበት ማለት ነው። ብዙውን ለውጥ የሚያመጡት የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ስለሆኑ አጭር ምሰሶም በችግር ቀን ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ምሰሶው ብቻውን ግን ኔትወርክ አይሆንም። ጄኔሬተርና ነዳጅ ይፈልጋል። ከዋናው መረብ ጋር የሚያገናኘው መስመርም ያስፈልገዋል፤ ይህም ወይ ፊት ለፊት ወደሚታይ ቋሚ ሳይት የሚላክ ማይክሮዌቭ፣ ወይ የሳተላይት ዲሽ ነው። ነፋስም ጠላቱ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ምሰሶውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የተጎታቹ እግሮች በደንብ መተከል፣ የመወጠሪያ ሽቦዎቹም በየአቅጣጫው መወጠር አለባቸው። በደጋው ክረምት መብረቅ ስለሚበዛ እሱን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ ግዴታ ነው። ምሰሶው ከመነሳቱ በፊት ከበላዩ የመብራት መስመር አለመኖሩን ማየት ደግሞ የሠራተኛውን ሕይወት ያተርፋል።

ሕዝብ ሲበዛ፣ ሰፈር ሲፈጥን

በጥምቀት በጃንሜዳ፣ በኢሬቻ በሆራ ፊንፊኔና በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። በእንዲህ ያለ ቀን ስልክ የሚያስቸግረው ታወር ስለራቀ ሳይሆን አንዱ ጣቢያ የሚሸከመው የተጠቃሚ ቁጥር ውስን ስለሆነ ነው። መፍትሔውም ይለያል፤ በተጎታች የሚመጣው ጣቢያ ዝቅ ብሎ ይተከላል፣ አንቴናውም ወደ ሕዝቡ ያዘነብላል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጁ የጠፋበት ወላጅና አምቡላንስ የሚጠራ ሰው የሚደውሉት በዚያው መስመር ነው።

በከተማው ዙሪያ ያሉት አዳዲስ ሰፈሮች ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ። ቤት ከታወር ቀድሞ ሲሠራ ጊዜያዊ ምሰሶ ክፍተቱን ይሸፍናል። ነገር ግን ጊዜያዊው ዓመታት መቆየት የለበትም። በሰው ቤት አጠገብ ሽቦው እየላላ፣ ማሰሪያው እየዛገ የሚቆይ ምሰሶ ራሱ አደጋ ነው። የሚነሳበት ቀን ከሚተከልበት ቀን ጋር አብሮ መወሰን አለበት።

አደጋ ሲደርስ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ከተሯሯጡት ብዙዎቹ በተከታዩ ናዳ ተቀብረዋል። በእንዲህ ያለ ገደላማ ቦታ ከላይ ተራራውን የሚመለከት ሰው ከታች ለሚቆፍሩት «ሽሹ» ብሎ የሚያሳውቅበት መስመር ከአካፋው እኩል ያስፈልጋል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። በወሩ 26ኛ ቀን ወደ 5.8 የሚጠጋ መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ተመዘገበ፤ መንግሥትም ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎችን ከአካባቢው ማንሳት እንደጀመረ አስታወቀ። የተፈናቀለ ሕዝብ የሚሰፍርበት ሜዳ ለዚያ ሁሉ ሰው የታሰበ ኔትወርክ አይኖረውም። ቤተሰቡን የሚያፈላልገውም፣ እህል የሚያከፋፍለውም፣ ሐኪሙም የሚጠቀሙት ያንኑ የተጨናነቀ መስመር ነው።

ከውጭም ትምህርት አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ከ100 የሞባይል ሳይቶች 95 ያህሉ ሥራ አቆሙ። አንድ አደጋ ቋሚውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊጥል ስለሚችል መጠባበቂያው ሌላ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። በዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን ሥራ የሚያስተባብረው በዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚመራው የድንገተኛ ጊዜ ቴሌኮሙኒኬሽን ክላስተር ነው። ሆኖም ከውጭ የሚመጣ ዕርዳታ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አይደርስም፤ ሰው የሚተርፈው ግን በእነዚያ ሰዓታት ነው።

የአማተር ሬዲዮ ሙያም ሊዘነጋ አይገባም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ አለ። አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ስለሚመለስ በመሐል አንድም ታወር ሳይኖር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ያገናኛል። ለዚህ ከሬዲዮው ሌላ 10 ሜትር ምሰሶ፣ አንድ ሽቦና የመኪና ባትሪ ይበቃሉ።

ምን ይደረግ?

በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በገበያው አሉ፤ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም አለ። እነዚህ ተቋማት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊወስኑት የሚገባው ጉዳይ ረጅም አይደለም። ተዘርጊ ምሰሶዎች ከነጄኔሬተራቸውና ከነሳተላይት ዲሻቸው አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለአደጋ በቀረቡ ክልሎች ይቀመጡ። የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲና የመትከያ ፈቃድ አስቀድሞ ያልቅ። አንድ ምሰሶ የሁለቱንም ኩባንያዎች አንቴና ይሸከም፤ ከናዳ ሥር የሚጣራ ሰው የማን ደንበኛ እንደሆነ አይጠየቅምና። የወረዳ ሠራተኞች በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ምሰሶውን አቁመው፣ አገናኝተው፣ አውርደው ይለማመዱ። የዚህ ሁሉ ወጪ በጀት ሲያዝ ከባድ ሊመስል ይችላል፤ ሳይዘጋጁ የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን በሰው ሕይወት ይከፈላሉ።