የአሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን፤ ምርመራውና ጥገናው

አንድ ነጋዴ መኪናውን በዳገት ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ዕቃ ሊያስራግፍ ወደ መደብሩ ሲገባ፣ የገዛ ንብረቱንና የመንገደኛውን ሕይወት ለሁለት ቀጫጭን የብረት ገመዶች አደራ ሰጥቶ መሄዱ ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ አንሥቶ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ ይህ አደራ በየዕለቱና በየሰፈሩ የሚሰጥ ነው። አደራ ተቀባዩ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይኖራል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ለአብነት ያህል በኢትዮጵያ «ቮልስ» ተብላ የምትጠራው ቮልስዋገን ትወሰድ። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ የተሠራችው በሜክሲኮ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከሁሉ ታናሽ የሆነችው እንኳ ዕድሜዋ ከ20 ዓመት በላይ ነው።

የቮልስ የእጅ ፍሬን አሠራር ቀላል ነው። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ካለው እጀታ ሁለት ገመዶች ተነሥተው፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ የኋላ ጎማ ይሄዳሉ። እጀታው ሲሳብ ገመዱ በታምቡሩ ውስጥ ያለውን ማንሻ ይጎትታል፤ ማንሻውም ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች ገፍቶ ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቃቸዋል። በዚህ ሥራ የፍሬን ዘይት ምንም ድርሻ የለውም። ስለዚህ የእግር ፍሬኑ በደንብ የሚይዝ መኪና የእጅ ፍሬኑ የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ጉድለቱ በምልክቱ ይታወቃል። እጀታው ብዙ ጥርስ ከፍ ብሎም ሁለቱም ጎማዎች በደንብ ካልተያዙ፣ ብዙውን ጊዜ ሸራዎቹ አልቀዋል ወይም ከታምቡሩ ርቀዋል። አንዱ ጎማ ተይዞ ሌላው ከተፈታ፣ ያልያዘው ወገን ገመድ ተበጥሷል ወይም ተጣብቋል፤ አለዚያም በሸራው ላይ የፍሬን ወይም የካምቢዮ ዘይት ፈስሶበታል። እጀታው ወርዶ ሳለ ጎማው ከከበደና ታምቡሩ ከጋለ፣ ገመዱ በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል ወይም ሸራዎቹን የሚመልሰው ሞላ ደክሟል። እጀታው ተስቦ በራሱ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ፣ ጥፋቱ የገመዱ ሳይሆን የእጀታው ጥርስ መበላት ነው።

በጥገና ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት፣ ፍሬኑ በላላ ቁጥር ገመዱን ማጥበቅ ነው። ሸራው ባለቀ ጊዜ ገመዱን ማጥበቅ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። እጀታው ለጊዜው የጠነከረ ይመስላል፤ ሸራው ግን ማለቁን ይቀጥላል፤ ገመዱም ያለመጠን ይወጠራል። የትክክለኛው ሥራ ቅደም ተከተል ከጎማ ወደ እጀታ ነው።

መካኒኩ አስቀድሞ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ወይም በታኮ ደግፎ፣ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል። ከዚያም የኋላውን በክሪክ አንሥቶ በካቫሌቶ ላይ ያሳርፈዋል፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት የተከለከለ ነው። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ሁለት ባለጥርስ ማስተካከያዎች ሲኖሩ፣ እንደ ሞዴሉ ዘመን ከታምቡሩ ፊት ወይም ከኋላው ሳህን ባለው ቀዳዳ በኩል በካቻቢቴ ይዞራሉ። ሸራው ታምቡሩን ነክቶ ጎማው እስኪከብድ ድረስ ማስተካከያው ከጠበቀ በኋላ፣ ጎማው በነጻነት እስኪዞር ድረስ ሦስት ወይም አራት ጥርስ ይመለሳል።

የገመዱ ተራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በእጀታው ግርጌ ያለው የጎማ ሽፋን ሲገለጥ የሁለቱ ገመዶች ጫፎች ከነዳዶዎቻቸው ይታያሉ። ገመዱ እንዳይጠማዘዝ ጫፉ በካቻቢቴ ተይዞ ዳዶው ይዞራል። እጀታው ሁለት ጥርስ ሲነሣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሊከብዱ፣ አራት ጥርስ ሲነሣ በእጅ የማይዞሩ ሊሆኑ ይገባል። ሲወርድም ሁለቱም በነጻነት መዞር አለባቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍሬኑ ካልያዘ ታምቡሩ መከፈት አለበት። የሚፈታውም 36 ሚሊሜትር የሆነው ትልቁ ዳዶ፣ መኪናው ገና በምድር ላይ ሳለ ነው። ሲመለስም ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚደርስ ኀይል መጥበቅና በአዲስ ሽቦ መቆለፍ ይገባዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ የዘይቱ መፍሰሻ ከተደፈነ በኋላ፣ የሁለቱም ጎማዎች ሸራ በአንድነት ይለወጣል። ከዚህም ጋር በቀድሞ ዘመን ከተሠሩት ሸራዎች ብዙዎቹ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ስላለባቸው፣ አቧራቸው በአፍ ወይም በአየር መንፊያ መነፋት የለበትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ለመለዋወጫ ነጋዴዎችም ከዚህ የሚገኝ ቁም ነገር አለ። የገመዱ ርዝመት እንደ ሞዴሉ ዘመን ይለያያል። «የቮልስ ገመድ» ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ የመኪናውን ዘመንና የሻንሲ ቁጥር ሳይጠይቁ ዕቃ መስጠት፣ ለሻጩ የተመለሰ ዕቃ፣ ለገዢው የጠፋ ቀን ነው። አንዱ ገመድ በእርጅና ከተበጠሰም እኩያው ብዙ ስለማይቆይ፣ ጥንዱን አንድ ላይ መግዛት ያዋጣል።

ፍሬኑ ተጠግኖም ቢሆን፣ በዳገት የሚያቆም ሰው መኪናውን በማርሽ አስገብቶ መኪናው ቢንሸራተት ወደ መንገዱ ጠርዝ እንዲያመራ የፊት ጎማዎቹን ማዞር አለበት። ከዚህ ጋር በየወሩ የእጀታውን ጥርስ የሚቆጥር ባለመኪና ፍሬኑ መላላት መጀመሩን አስቀድሞ ያውቃል። ቆጠራው ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይቆጠር የቀረ ጥርስ ግን የተሰበረ የሱቅ መስኮት፣ ከዚያም የከፋ የሰው ጉዳት ሆኖ ሊመለስ ይችላል።